ከጎንደር ተነሥቶ በመኪናና በመርከብ፦ ስለ ቤተሰብ ረጅም ሽርሽር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ትምህርት ቤቶች ለክረምት እንደተዘጉ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለቱን ልጆቻችንንና ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸውን እናቴን ይዘን ከጎንደር ወደ አሜሪካ ተጓዝን። እህቴ ከነቤተሰቧ የምትኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ብዙ ሐበሻ ባለበት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከእሷ ቤት ተነሥተን ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ትልቅ የኪራይ መኪና እስከ ፍሎሪዳ ወረድን፤ ከፖርት ካናቬራል ወደብም መርከብ ተሳፍረን ባሃማስ ደርሰን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት ስንቀመጥ ጥያቄው አላባራም። ልጆቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን «እኛንም ሊወስዱን አስበዋልና ነገሩ እንዴት ነው?» እያሉ የጠየቁንንና እኛም በየጊዜው የመለስነውን አሰባስቤ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ጉዞው ስንት ቀን ወሰደ? በየት በየትስ አለፈ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ፖርት ካናቬራል ያለው ርቀት ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ለጎንደር ሰው ለማስረዳት ያህል አዲስ አበባ ደርሶ ከመመለስ ብዙም አይለይም። የሚወሰደው አውራ ጎዳና በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከካናዳ ድንበር እስከ ማያሚ የሚዘልቀው ኢንተርስቴት 95 ሲሆን፣ እኛ በእርሱ ላይ ቨርጂኒያን፣ ሰሜንና ደቡብ ካሮላይናን፣ ጆርጂያን አቋርጠን ፍሎሪዳ ገባን። ሰኞ ጠዋት ተነሥተን ዓርብ ቀን መርከቡ ላይ ወጣን፤ በመርከቡ አራት ሌሊት አድረን ማክሰኞ ጠዋት ወረድን፤ ሐሙስ ማታ ቤት ገባን። በጠቅላላው 11 ቀን መሆኑ ነው።

የመኪናው ጉዞ ለምን ይቀድማል? መርከቡ ቀድሞ መኪናው ቢከተልስ?

በእኛ ልምድ የጉዞው ሁሉ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። መኪና ሰውን ይጠብቃል፤ ልጅ ሲያለቅስ ይቆማል፣ አዛውንት ሲደክማቸው ያድራል። መርከብ ግን ማንንም አይጠብቅም። የመሳፈሪያው ምዝገባ መርከቡ ከመነሣቱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ ቤተሰብ ገንዘቡም አይመለስለትም፣ መርከቡም አይመለስለትም። ስለዚህ መንገዱን ማስቀደም ብቻውን አይበቃም፤ በመንገዱና በመርከቡ መካከል ምንም ሥራ የሌለው አንድ ሙሉ ቀን መተው ያስፈልጋል።

እኛ ያን ቀን የተውነው በእህቴ ባል ጥብቅ ምክር ነበር፤ እኔ በበኩሌ የሆቴል ገንዘብ በከንቱ ማውጣት መስሎኝ ተከራክሬአለሁ። ማክሰኞ ከቀትር በፊት ደቡብ ካሮላይና ላይ የኪራይ መኪናችን ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማ ተብሎ የተሰጠንም አየር አልነበረውም፤ ያከራየን ድርጅት ሌላ መኪና እስኪልክልን ድረስ ከነልጆቻችንና ከነእናቴ በነዳጅ ማደያ ጥላ ሥር ስድስት ሰዓት ተቀመጥን። ማክሰኞ ማታ እንገባባታለን ያልናት የጆርጂያዋ ከተማ ሳቫና ረቡዕ ተገባች፤ የሌሎቹም ከተሞች ቀን እንደዚሁ ተገፋ። ያ ባዶ ቀን ባይኖር ኖሮ ዓርብ ዕለት መርከቡን ከወደቡ ዳር ቆመን በእጃችን ሰላም እያልን እንሸኘው ነበር። ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉንም፤ በትርፉ ቀን ሊያዩት የነበረው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል፣ ከነግዙፉ የጨረቃ ሮኬት፣ ሳይታይ ቀርቷልና።

የአሜሪካ ቪዛ ካለን ለመርከቡ ሌላ ፈቃድ ለምን ያስፈልገናል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የሌላ አገር ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልብ መርከብ መንገደኞችን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ፣ ባለቤታቸው ማንም ይሁን ማን፣ አብዛኞቹ የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማና በመሳሰሉት አገሮች ነው። በዚህም የተነሣ ከፍሎሪዳ የሚነሣ መርከብ በመንገዱ ላይ አንድ የውጭ አገር ወደብ መርገጡ አይቀርም። መንገደኛው ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ማታ በዚያው አልጋ ላይ ቢተኛም፣ በሕጉ ዓይን ከአሜሪካ ወጥቶ እንደገና የሚገባ ሰው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የቪዛውን ወረቀት አውጥቶ የመግቢያው ብዛት የተጻፈበትን ቦታ ማየት ይገባል። ኤም የሚለው ፊደል ካለበት ብዙ ጊዜ ያስገባል፤ አንድ ቁጥር ከተጻፈበት ግን ያ አንድ መግቢያ በአውሮፕላን ማረፊያው ተጠቅመውበት አልቋል፤ ከባሃማስ ሲመለሱ የሚያሳዩት ሌላ የላቸውም። እኛ በሄድንበት ጊዜ የሁላችንም ቪዛ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ነበር። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዦች በጉብኝት ስም የሚሰጠው ቪዛ በአብዛኛው ለሦስት ወር የሚቆይና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ እንዲሆን ተወስኗል። እንዲህ ያለውን ቪዛ የያዘ ቤተሰብ በመኪና እስከ ባሕሩ ዳርቻ ወርዶ፣ በማታው በዚያው ወደብ በሚመለሱ ትንንሽ ጀልባዎች መዝናናት እንጂ ድንበር በሚሻገር መርከብ ላይ መሳፈር አይገባውም። ከአሜሪካ ግዛት ሳይወጣ በሃዋይ ደሴቶች መካከል ብቻ የሚመላለስ የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ያለው ትልቅ የሽርሽር መርከብም አለ፤ ነገር ግን ሃዋይ በመኪና የሚደረስበት ስፍራ አይደለም።

ከዚህ በተጨማሪ የአሜሪካ ቪዛ የአሜሪካ እንጂ የሌላ አገር ፈቃድ አይደለም። ሜክሲኮ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ላለው ሰው የራሷን ቪዛ አትጠይቅም። ሌሎቹ አገሮች እንደየሕጋቸው ስለሚለያዩ፣ መርከቡ የሚረግጣቸውን ወደቦች አንድ በአንድ ጽፎ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚጠየቅ የመርከብ ኩባንያውንም ኤምባሲውንም በጽሑፍ መጠየቅ፣ መልሱንም አትሞ መያዝ ይሻላል። የእህቴ ልጆች የአሜሪካ ዜጎች ስለሆኑ ያለ ምንም ጥያቄ ሲያልፉ የእኛዎቹ ፓስፖርታቸው ሲገላበጥ መቆማቸው ለልጆች የሚያስገርም ነገር ነበር፤ ቀድሞ ቢነገራቸው መልካም ነው።

የአባት ስማችን የተለያየ መሆኑ ችግር ያመጣል?

ያመጣል፤ ነገር ግን ቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ቀላል ነው። በእኛ አገር ሥርዓት ሚስት በአባቷ፣ ልጅ በአባቱ፣ አባት ደግሞ በራሱ አባት ስም ይጠራሉ፤ የመርከቡ መዝገብ ግን አንድ ቤተሰብ አንድ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይጠብቃል። ትኬቱን የቆረጠልን ሰው ነገሩን ያቃለለ መስሎት እናቴን ጭምር አምስታችንንም በእኔ አባት ስም መዝግቦን ነበር። በእርሱ ቤት እናቴ የባላቸው ልጅ ሆነው አረፉት። ትኬት ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ሳይዛነፍ መመሳሰል ስላለበት ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለማስተካከል ብዙ ስልክ መደወል ግድ ሆነብን።

የልጆቹን የልደት የምስክር ወረቀት ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር፣ የጋብቻውንም እንዲሁ፣ ይዞ መሄድ ከብዙ ማብራሪያ ያድናል። ልጆች ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ወይም ከአክስትና ከአጎት ጋር የሚጓዙ ከሆነ የቀረው ወላጅ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ መስጠት ይኖርበታል። የልደት ቀን ሲጠየቅም በፓስፖርቱ ላይ ያለው የፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ ይነገር፤ እናቴ በሄዱበት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እየተናገሩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጁ መስለው እየታዩ አስቸግረውናል።

ረጅም መንገድ ልጆችንና አዛውንትን አያደክምም?

ያደክማል፤ ድካሙ ግን እኛ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው የመንገድ ድካም ሲባል የሚያስበው መጠማዘዙን፣ ገደሉንና የልጆችን ትውከት ነው። ኢንተርስቴት 95 ቀጥ ያለ፣ ሜዳማና በዛፍ የታጠረ ስለሆነ የሚያስቸግረው እንቅልፍ ነው፤ ሾፌሩም ጭምር ያንቀላፋል። በየሁለት ሰዓቱ መቆም፣ ሁለት ሰው እየተፈራረቀ መንዳት፣ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ አለመንዳት የተባለውን ደንብ ጠብቀናል። በየግዛቱ መግቢያ መጸዳጃና የጥላ ወንበር ያለው ማረፊያ ይገኛል፤ በፍሎሪዳ መግቢያ ላይ ለመንገደኛ ሁሉ የብርቱካን ጭማቂ በነጻ ይሰጣል፤ እናቴ ይህን አይተው «የእንግዳ ወግ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው» ብለው መረቁ።

የልጆች ወንበር ነገር በቀልድ አይታይም። በቨርጂኒያ ሕግ ልጅ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በልጅ ወንበር ታስሮ መጓዝ አለበት፤ የስድስት ዓመቷ ልጃችን በጎንደር ባጃጅ ላይ ቆማ ስትሄድ የኖረች በመሆኗ መጀመሪያ ቀን እንደታሰረች አለቀሰች፤ በሁለተኛው ቀን ራሷ ቀበቶውን እየሳበች ትቆልፍ ጀመር።

ከመንገዱ ሁሉ በእኔ ልብ የቀረው የፍሎሪዳዋ ከተማ ሴይንት ኦገስቲን ናት። ከተማዋን ስፔናውያን የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1565 ሲሆን፣ በባሕሩ ዳር የቆመው ካስቲሎ ደ ሳን ማርኮስ የተባለው ምሽግ መገንባት የተጀመረው በ1672፣ ያለቀውም በ1695 ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ዋና ከተማቸው ካደረጉ በኋላ ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ ግንባቸውን በሚያስገነቡበት ዘመን ማለት ነው። የእኛው በድንጋይና በኖራ፣ የእነርሱ ደግሞ ኮኪና በሚባል ከባሕር ዛጎል በተጋገረ ድንጋይ የተሠራ ነው። የመድፍ ጥይት ሲመታው ከመሰንጠቅ ይልቅ ዋጥ አድርጎ ያስቀረዋል አሉን። ልጄ ግድግዳውን በጣቱ እየነካካ ዛጎል ሲለቅም ካየ በኋላ፣ ተመልሰን ጎንደር ስንገባ ፋሲል ግቢ ሄዶ ዛጎል ፈለገ።

ወቅቱስ? ክረምት ላይ ባሕሩ አያስፈራም?

የአትላንቲክ ውቅያኖስ የአውሎ ነፋስ ወቅት በፈረንጆች ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 ይዘልቃል፤ እጅግ የሚበረታውም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። የልጆቻችን ዕረፍት ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ስለሆነ ከወቅቱ ፈጽሞ ማምለጥ አይቻልም፤ ነገር ግን በሐምሌ የሄደ ቤተሰብ ጳጉሜን ላይ ከሚሄደው የተሻለ ዕድል አለው። መርከቡ ማዕበል ካለበት ስፍራ ይሸሻል፤ በዚህ ጊዜ ያቀደው ወደብ ይቀርና ሌላ ይተካል፤ የተሳፈረው ሰው ይህን ቢቃወም ውሉ አይፈቅድለትም። ሙቀቱን ግን ማንም አያስቀረውም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ የኖረ ሰው ፍሎሪዳ ላይ ከመኪና ሲወርድ እንፋሎት ውስጥ የገባ ይመስለዋል፤ ነጠላ እንኳ ይከብዳል።

መርከብ ያጥወለውላል ይባላል፤ እውነት ነው?

ትልልቆቹ መርከቦች ከሆዳቸው ግራና ቀኝ የሚዘረጋ ክንፍ መሰል ማረጋጊያ ስላላቸው መወዛወዛቸው ከሚፈራው ያነሰ ነው። ቢሆንም ፍሎሪዳንና ባሃማስን የሚለየውን ባሕር ወደ ሰሜን የሚጎርፈው ኃይለኛ ሞገድ ስለሚያቋርጠው፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት ላልለመደ ሰው ከበድ ትላለች። ክፍል ሲመረጥ ከመርከቡ ወገብ አካባቢና ከዝቅተኛው ፎቅ ቢሆን መወዛወዙ ይቀንሳል፤ ርካሽ የሚሆነውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ሆድ ባዶ መሆን የለበትም፤ ዓይን ደግሞ ስልክ ላይ ሳይሆን ሰማይና ባሕር በሚገናኙበት መሥመር ላይ ቢያርፍ ይረዳል። ዝንጅብል መቆርጠም ብዙዎችን ይጠቅማል። የማቅለሽለሽ መከላከያ ኪኒን ከመሳፈር በፊት ነው የሚወሰደው፤ የደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ካሉ ግን ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ እንዳይሰጣቸው።

እናቴ ምንም አልሆኑም፤ የተኛሁት እኔ ነኝ።

ሰዓት ላይ ሰው ይሳሳታል የምትሉት ምንድን ነው?

በመርከቡ ወረቀት ላይ «ሁሉም ሰው 4፡30 ላይ መርከቡ ላይ ይገኝ» ተብሎ ሲጻፍ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር የለመደ ሰው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል መስሎት ቢደነግጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በተገላቢጦሽ ሲሆን ግን መርከቡ ያመልጠዋል። እህቴ ለእናቴ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ እየነገርናቸው ሁለት ዓይነት ሰዓት ይዘው ተቸገሩ። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አገኘን፦ በትንሽ ወረቀት ላይ የሰዓቱን መልክ ሥለን፣ ቆጣሪዎቹ የት የት መቆም እንዳለባቸው አሳይተን ሰጠናቸው። ከወረቀቱ ጀርባም የመርከቡን ስምና የእህቴን ስልክ ጻፍን። በአንዳንድ ደሴቶች የአገሩ ሰዓትና የመርከቡ ሰዓት ስለሚለያይ ሁልጊዜ የሚታመነው የመርከቡ ሰዓት ነው፤ ስልክ ራሱን በራሱ ስለሚቀይር አይታመንም። የቀረ ሰው እስከ ሚቀጥለው ወደብ ወይም እስከ አገሩ ያለውን ወጪ ከኪሱ ይችላል።

የጾም ምግብ ይገኛል? እንጀራ ይዞ መግባትስ ይቻላል?

መርከቡ ላይ ከሁሉ የሚተርፈው ነገር ምግብ ነው፤ የሚጎድለው ግን እኛ የለመድነው ነው። ጉዟችን ነሐሴ 1 ከሚገባው የፍልሰታ ጾም ጋር ስለተገናኘ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት በጾም አሳለፍናቸው። ለአስተናጋጁ «ጾመኛ ነን» ማለት አይበቃም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ጨርሶ የሌለበት ምግብ እንደሚፈለግ በየስሙ ዘርዝሮ፣ ለነገው እራት ዛሬ ማታ ማዘዝ ያስፈልጋል። ምስርና ሽምብራ ሞልቷል፤ በርበሬ ግን የለም። ሐላል ሥጋ የሚፈልጉ ሙስሊም ቤተሰቦችም ጥያቄያቸውን ከጉዞው ሳምንታት አስቀድመው ለኩባንያው ቢያቀርቡ ይሻላል። የዓሣን ነገር፣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር፣ ለየንስሐ አባታችሁ እተወዋለሁ።

አብዛኞቹ ኩባንያዎች ቤት የተዘጋጀ ምግብ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ፤ የታሸገ ደረቅ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ የገዛነውን እንጀራ በመንገድ ላይ ጨርሰን፣ ወደ መርከቡ ያስገባነው ያልተከፈተ የታሸገ ቆሎ ብቻ ነበር። ከጎንደር ይዘን የመጣነው ድርቆሽ በመኪናው ጉዞ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጠቅሞናል፤ በሞቴሉ ሙቅ ውኃና በበርበሬ ፍርፍር ሆኖ ስምንት ሰው አጥግቧል። ቋንጣ ግን ከቤት ሳይወጣ ይቅር፤ የሥጋ ምርት ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው። ሽሮና በርበሬም ቢሆን ለጉምሩክ ሳያሳውቁ ማለፍ አይገባም።

ቡናን በተመለከተ፣ ከሰልም ሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ዕጣንም ሆነ ሻማ በክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ባሕር ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈራው እሳት ነው። እናቴ ጀበናቸውን መኪናው ውስጥ ትተው ሲወርዱ ዞር ብለው አዩት።

ለልጆች ደኅንነት ምን ጥንቃቄ ይደረጋል?

መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እያንዳንዱ መንገደኛ በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰብበትን ቦታ የሚያውቅበት ልምምድ ግዴታ ነው። ቀድሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊደረግ ይችል የነበረው ይህ ልምምድ የጠበቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ ጣልያን አጠገብ ተገልብጦ 32 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። የአደጋው ምልክት ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የፉጨት ድምፅ ነው፤ ልጆቻችን ለሳምንታት ቤቱን በዚህ ድምፅ አናውጠውታል፤ ግን አልረሱትም። በልጆች ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት እንዲሰጥም መጠየቅ ይገባል።

ዋና የሚችል ልጅ የቱ ነው የሚለው የጎንደር ሰው ልዩ ችግር ሳይሆን አይቀርም። ልጄ በጥምቀት ማግስት ከፋሲል መዋኛ ዘሎ ስለገባ ብቻ ራሱን ዋናተኛ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ባሕር ግን ይጎትታል። በባሕር ዳርቻ ወደ ውስጥ የሚወስድ ጅረት ከያዘ ከእርሱ ጋር ሳይታገሉ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኙ መውጣት እንደሚገባ ቀድሞ ይነገራቸው፤ በመርከቡ መዋኛ ላይም ጠባቂ አለ ብሎ ዓይንን ማንሣት አይገባም። እጅን በሳሙና መታጠብም እንደዚሁ ነው፤ በመርከብ ላይ የሚዛመተውን የሆድ በሽታ የአልኮል ጄል በደንብ አይገድለውም።

ነፍሰ ጡርና ሕፃን መሳፈር ይችላሉ?

አብዛኞቹ ኩባንያዎች 24 ሳምንት የደረሰችን ነፍሰ ጡር፣ እንዲሁም ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን አያሳፍሩም፤ ውቅያኖስን በሚያቋርጡ ረጅም ጉዞዎች ላይ የሕፃኑ ዕድሜ 12 ወር ይሆናል።

ወጪው እንዴት ይታሰባል?

የትኬቱ ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። ክፍሉና በዋናዎቹ አዳራሾች የሚበላው በውስጡ ነው፤ የአስተናጋጆች ጉርሻ ግን በየቀኑ በሰው ልክ እየታሰበ ይጨመራል፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ በየደሴቱ የሚደረግ ጉብኝት፣ በወደቡ መኪና የማቆሚያው ሁሉ ለብቻ ነው። ልጆች የክፍሉን ካርድ እያሳዩ የፈለጉትን ስለሚያዝዙ፣ የልጆች ካርድ ግዢ እንዳይፈጽም በመጀመሪያው ቀን ማዘጋት ያስፈልጋል፤ እኛ ያወቅነው በሦስተኛው ቀን ነው። በእኛ በኩል የአውሮፕላኑን ትኬት በብር ከፍለን የቀረውን እህቴና ባሏ ሸፈኑ፤ ይህን ቀድሞ በግልጽ መነጋገር ካላስፈላጊ ይሉኝታ ያድናል።

በባሃማስ ዋና ከተማ በናሶ ምን ይታያል?

ባሃማስ ከ700 የሚበልጡ ደሴቶች ያሏት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 ነጻነቷን ያገኘች አገር ናት፤ ገንዘቧም ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ስለሚመነዘር በዶላር መገበያየት ይቻላል። አብዛኛው ሰው ከመርከብ ወርዶ ወደ አሸዋው ይሮጣል። እኛ እናቴን ይዘን ቀስ እያልን የንግሥቲቱ ደረጃ ወደተባለው ስፍራ ሄድን። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከኖራ ድንጋይ ፈልፍለው ያወጡት 65 ደረጃ ያለው መተላለፊያ ነው። እናቴ ግድግዳውን ሽቅብ እያዩ «ላሊበላን ይመስላል» አሉ፤ የሠሩት እነማን እንደሆኑ ስነግራቸው ደረጃውን መውጣት ትተው ከሥር ተቀምጠው ቆዩ። የእግር ሕመም ያለባቸው አዛውንት ከላይ በታክሲ መድረስ ይችላሉ።

ከመሄዳችን በፊት ልጆቹን መርከብ ማለማመድ ይቻላል? እዚሁ አገርስ ተመሳሳይ ጉዞ የለም?

አለ፤ ቪዛም አይጠየቅበትም። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዕለቱ ከዚያ ከሚመጡ ሾፌሮች ጠይቆ፣ ማልዶ ተነሥቶ፣ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሞ ከዚያ ጀልባ መሳፈር ይቻላል። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣበት ልጆች የያዘ ሰው ጀልባውን ለጠዋት ያድርገው። ወደ ደሴቶቹ ለመዝለቅ ላሰበም እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ደቅ ደሴት ላይ ትገኛለች፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ግን ሴት ስለማይገባባቸው ቤተሰቡ በጀልባ ላይ ተከፍሎ እንዳይቀር አስቀድሞ ይታሰብበት።

እኛ አሜሪካ ከመሄዳችን ሁለት ወር በፊት ልጆቹን በዚሁ መንገድ ፈትነናቸው ነበር። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ዳርቻው ከዓይን ሲሰወር ልጄ ባሕር ማለት ይህ ነው ብሎ አምኖ ተመለሰ። ፍሎሪዳ ላይ ዳርቻው ደርሰን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ውኃውን በመዳፉ ዘግኖ መጠጣት ነው። ወዲያው ተፋውና ወደ አያቱ ዞሮ «ማነው ጨው የጨመረበት?» አለ።